የመሪው ድምፅ

ቅዳሜ ጠዋት
ከመናኸሪያው የትኬት መስኮት

ለዘመዴ ለቀጭኔ፣

መንገዱ እንዴት አደረገሽ? ያን ረጅም እግርሽን በዚያ ጠባብ ወንበር ሥር እንዴት አጥፈሽ እንደምትደርሺ እያሰብኩ ትናንት ሳዝንልሽ ዋልኩ። እናትሽ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ እንደ ምርጫ ተወዳዳሪ በየቀኑ ሌላ ነገር ይላል።

ስትሳፈሪ እናትሽ አጠገባችን ስለነበረች የልቤን ሳልነግርሽ ቀረሁ። የአክስቴ ልጅ ናት፣ እወዳታለሁ፤ ግን ወሬ አፏ ውስጥ አያድርም። ስልክ ደግሞ ምርጫው ከቀረበ ወዲህ አንዴ ይሰማል አንዴ ይጠፋል፤ ሲሰማም ሌላ ማን እንደሚሰማው አይታወቅም። ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ግን ሁሉም ልጆቼ ናቸው። ይህን በረዳቱ እጅ ልኬዋለሁ። መልስሽንም ጠዋት ጠዋት ከዚያ ለሚነሳው አውቶቡስ ረዳት ስጪው።

ያረፍሽበትን ወንድሜን በደንብ አታውቂውም፤ ከዚህ ሲሄድ ገና ልጅ ነበርሽ። ሾፌር ነው። እጁ መሪ ላይ ከተቀመጠ ድንጋይ ነው፤ «መሪው» የሚሉትም ለዚህ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን እሱ ሲስቅ እኔ አለቀስኩ። ያ ልጅ ነው እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃፋችንን ያልረገጠው። አባታችን የተቀበረ ቀን መንገድ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። አልመጣም። «ሥራ ይዞኝ ነው» የምትል ቃል በሰው አፍ ላከ። ደብዳቤ እጽፍለታለሁ፤ መልሱ በሾፌር አፍ «ደህና ነኝ በላት» ነው። ሰው ለገዛ እህቱ በሰው አፍ ይመልሳል?

ወይ አግብቶ ደብቆኛል፣ ወይ የማይሆን ነገር ውስጥ ገብቷል። ኮሌጃችሁ ለምርጫው ተዘጋ ሲባል «ልጅቷ ትምጣ፣ ሳምንቱን ከተማውን ላሳያት» ማለቱም አልጣመኝም። ለእኔ ያልተከፈተ በር ለአንቺ እንዴት ተከፈተ?

አትጠይቂው። እይልኝ ብቻ። ምን እንደሚነዳ፣ ማን ቤቱ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ። ከዚህ ጋር የታሸገ ፖስታ አለ፣ የእሱ ነው። በእጁ ስጪው። ሲያነበው ፊቱን እይልኝ።

እዚህ ተመዝግበሽ ድምፅሽን ሜዳ ላይ ጥለሽ መሄድሽንም አልረሳሁትም። መምህር ልትሆኚ ነው አሉ!

ፈጣሪ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ።

እትዬሽ


እሑድ ከሰዓት በኋላ
ከጋሼ ክፍል

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎ ይብዛ፤ የመስኮትዎ ሰልፍ ይጠር። እኔ በሰላም ገብቻለሁ፤ እግሬም ተዘርግቷል። ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ያዘዙኝን አልወደድኩትም፤ ግን ያየሁትን እጽፋለሁ። አውቶቡሱ ሲቆም በር ላይ ሆኜ «ደረስን?» ብዬ ረዳቱን ስጠይቀው ከታች «ቀጭኔ! የእናትሽን ድምፅ ነው ቀድተሽ የመጣሽው!» የሚል ሰማሁ። ጋሼ ነበሩ። ያን ሁሉ ዓመት አይተውኝ የማያውቁ፣ በአንድ ቃል አወቁኝ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ጢማቸው የተላጨ፤ ቁመናቸው እርስዎን ይመስላል። አጠገባቸው አንዲት ሴት ነበረች። «ጎረቤቴ ናት፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች» አሉኝና ብዙም አላስተዋወቁኝም። ከዚያ «ከተማው ሌባ ይበዛበታል» ብለው ክንዴን ያዙ። እስከ ቤት አልለቀቁኝም።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። አልጋ፣ ለእኔ የተነጠፈ ፍራሽ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። የውኃ ቧንቧው ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ከሌሎች ጋር ይጋሩታል። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታ አለው። ትናንት ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ተቀምጬ ሳልመልሰው ቀረሁ፤ ሲገቡ ጉልበታቸው ነካውና «እዚህ ቤት ዕቃ አይነቃነቅም!» ብለው ጮኹብኝ። ወዲያው ይቅርታ ጠየቁኝ። ለአንድ ወንበር እንዲህ መቆጣት ምን ይባላል?

ስለ ታክሲያቸው «ጋራዥ ናት፣ ሞተሯ ታሟል» አሉኝ። እስክትወጣ ድረስ ሌላ ሥራ ይዘዋል። እንደሚያውቁት በዚህ ምርጫ የሚፎካከሩት ሁለቱ ትልልቆች የጃንጥላና የቁልፍ ምልክት ያላቸው ናቸው። ጋሼ ለጃንጥላው ድምፅ ማጉያ በተገጠመበት መኪና ላይ ሆነው ይቀሰቅሳሉ። ድምፃቸው ጎዳናውን ይሞላል።

ዛሬ ከተማውን አሳዩኝ። በድልድዩ አልፈን የጨርቅ ነጋዴዎቹን ሰፈር፣ ጎማ የሚጠግኑበትን መንገድ፣ የመስታወት ሕንፃዎቹን አየን። በየመታጠፊያው «አሁን ግራ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሰናል» ይላሉ፤ እውነትም ዳቦ ቤት ነው። ግን እንደ አስጎብኚ እጃቸውን ዘርግተው አንድም ነገር አላሳዩኝም። የምርጫ ወረቀት የተለጠፈበት ግድግዳ ሲደርሱ ይቆሙና «መምህር አይደለሽ? አንብቢ እስቲ» ይሉኛል። አነባለሁ፤ በየተስፋው ይስቃሉ። ከተማ ላይ መጥቼ ግድግዳ ሳነብ ዋልኩ።

ፖስታውን ሰጥቻቸዋለሁ። በጣታቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «የእህቴ ነገር በጥሞና ነው የሚነበብ» አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ መድኃኒት ሻጭ ጠዋት ሳታንኳኳ ገባች። የቤቱ ቁልፍ አላት። እኔ ፊቴን ልታጠብ ስወጣ በበሩ ስንጥቅ ሰማኋቸው። «ሁለቱንም?» አለች። «ሁለቱንም» አሉ። ስመለስ ወሬውን ቀየሩ።

ታዛዥዎ
ቀጭኔ


ማክሰኞ ማለዳ
ከመናኸሪያው

ለቀጭኔ፣

አውለው ያሳድሩሽ። እኔ አላደርኩም።

ቁልፍ! ጎረቤት ቁልፍ ይኖራታል? «ሁለቱንም» ማለትስ ምንድን ነው? ሁለት ምን? ሰው በምርጫ ሰሞን በሹክሹክታ ሁለት ነገር የሚያደርገው ለደግ ነው?

ይባስ ብሎ ትናንት ከዚያ የመጣ አንድ ሾፌር ነገረኝ። የወንድሜን ሰማያዊ ታክሲ አንድ ጎረምሳ ሲነዳት አይቷል። ጋራዥ ተኝታለች ያላት መኪና በእግሯ ትሄዳለች ማለት ነው። ጋራዡን ፈልጊልኝ፤ መንገደኛ መስለሽ ጠይቂ።

እዚህም ነገሩ ቀላል አይደለም። የመናኸሪያው ኃላፊ የቁልፍ ሰው ነው፣ ታውቂዋለሽ። ትናንት መስኮቴ ላይ ተደግፎ «እትዬ፣ ወንድምሽ ለጃንጥላ ይጮሃል አሉ፤ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። የዚያ ሰው ፈገግታ ከቁጣው ይከፋል። ከምርጫው በኋላ ማን የት እንደሚመደብ የሚወስነው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ይህቺን መስኮት ከለቀቅሁ ወዴት እሄዳለሁ?

ስለዚህ አጣሪልኝ። ወንድሜ አፉን ለጃንጥላ አከራይቷል፣ ይሁን፤ ልቡስ የማን ነው? ዓርብ ድምፁን ለማን ነው የሚሰጠው? ቢጠይቁኝ የምመልሰውን ልወቅ።

ፖስታውን አነበበው ወይ? ምን አለ? ቃል በቃል ጻፊልኝ።

እትዬሽ


ረቡዕ ጠዋት
ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ

ለተከበሩ እትዬ፣

እንቅልፍዎ ይመለስ። ይህን ውጭ ተቀምጬ የምጽፈው ቤት ውስጥ ስጽፍ ጋሼ ዝም ብለው የእስክሪብቶዬን ድምፅ ስለሚያዳምጡ ነው። «ብዙ ትጽፊያለሽ» አሉኝ ትናንት። «ለትምህርት ነው» አልኩ። ዋሸሁ፤ አልወደድኩትም።

ጋራዡን አገኘሁት። ከጎማ ጠጋኞቹ ጀርባ ነው። መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የመሪው መኪና? እሷማ ከተሸጠች ሦስት ዓመቷ!» አለኝ። «ለምን ሸጧት?» ስለው አንገቱን ደፋ። «እሱን ራሱን ጠይቂው፣ እህቴ» ብሎ ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ።

እትዬ፣ ሦስት ዓመት። አባታችሁ ካረፉበት ጊዜ ጋር ይገጥማል።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ራሱ ሌላ መሰለኝ። ከፎቁ ሥር ያለው ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል። ሻይ ሻጩ ደግ ሰው ነው። ትናንት ብርጭቆዬን ሲያነሳ ጎንበስ ብሎ «ልጄ፣ ክፉ አይምሰልሽና፣ ዘመድሽ ጆሮ ነው ይሉታል» አለኝ። «ጆሮ?» አልኩት። «ወሬ አቀባይ። አጠገብህ ይቀመጣል፣ አያይህም፣ ሰላም አይልህም። በሳምንቱ ግን የተናገርከውን ቃል በቃል ይነግርሃል። ሰው ዓይንህን ካላየ ምን ማለት ነው?» እኔንም ዓይኔን አይተውኝ አያውቁማ። አሁን የሰፈሩ ሰው እኔንም «ስትጽፍ የምትውለው» እያለ ያየኛል። ትናንት አደባባዩ ላይ ሕንፃ ቆሜ ሳይ ሁለት ፖሊሶች ቦርሳዬን ፈተሹት። የጂኦግራፊ መጽሐፌን ገልጠው ካርታ ሲያዩ ተያዩ። ለቀቁኝ።

ፖስታውን ሰኞ ጠዋት ከፈቱት። በቢላ ጫፍ ቀስ ብለው፣ እንዳይቀደድ። መስኮቱ ጋ ሄደው በሁለት እጃቸው ያዙት። ብዙ ቆዩ። እንዳዘዙኝ ፊታቸውን አየሁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አጥፈው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«እትዬ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ሰላም ብላኛለች። ወገቧን ያማታል። አባታችንን አንስታ ትንሽ ወቅሳኛለች። እህቴ ናት፣ ትውቀሰኝ» አሉ።

ይኸው ቃል በቃል። የመሰለኝን ከጠየቁኝ፣ የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። መኪናዋን በተመለከተ ግን ዓይኔ እያየ ዋሽተውኛል። ትናንት ደግሜ «ጋሼ፣ መኪናዋ እንዴት ሆነች?» ብላቸው «እያገገመች ነው» አሉኝ።

ደግሞም «ዓርብ ምርጫ ጣቢያ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። እዚህ እንዳልተመዘገብኩ ነገርኳቸው። «አውቃለሁ። አንቺ አብረሽኝ ብቻ ሂጂ» አሉ። ከእኔ ምን እንደሚፈልጉ አልገባኝም። ምን ላድርግ?

ቀጭኔ


ሐሙስ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል

ቀጭኔ፣

ሰላምታውን እለፊው፣ ረዳቱ ይቸኩላል።

ባዶ ነበር። ፖስታው ውስጥ ያስገባሁት ወረቀት ባዶ ነበር። አንድ ፊደል፣ አንድ ነጥብ የለበትም። ደብዳቤዬን እንደማያነብ ከጠረጠርኩ ቆይቻለሁ፤ ሳያየው የሚጥለው መስሎኝ ፈተንኩት። እሱ ግን መስኮት ላይ ቆሞ፣ አጠገቡ አንቺን አቁሞ፣ ከባዶ ወረቀት ላይ አባቴን አነበበ! እንባ ሳይቀር! ይህን የመሰለ ውሸት ከቤታችን አልወጣም ነበር። ወንድሜን ያሳደግሁ መስሎኝ የማላውቀውን ሰው ነው ያሳደግሁት።

ነገ አትከተዪው። ያልተመዘገበች ልጅ ይዞ ምርጫ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ያሰበው ነገር አለ። ከዛሬ በኋላ ውጤት እስኪነገር አውቶቡስ አይነሳም። ክፍሉን ቆልፈሽ ተቀመጪ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁልሽ።

እትዬሽ


ዓርብ ከሰዓት በኋላ
ከጋሼ ክፍል፤ አውቶቡስ ሲነሳ የሚላክ

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎ ይጠበቅ። ደንበኛ ካለ ያስተናግዱና መስኮቱን ዘግተው ተቀምጠው ያንብቡ።

አልታዘዝኩዎትም። ጋሼን ተከትዬ ሄጃለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ትናንት ማታ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለዛሬ የሚያደርጉትን ጫማ ይቦርሹ ነበር። በሩ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን ሳልናገር መሄድ እንቢ አለኝ።

«ጋሼ፣ እትዬ የላኩልዎ ወረቀት ባዶ ነበር» አልኳቸው።

ብሩሹ ቆመ።

«ባዶ?»

«አንድ ፊደል የለበትም። ሊፈትኑዎ ነው የላኩት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሳቁ። «ወይ እህቴ! ትኬት ቆራጭ እኮ ናት፤ ሐሰተኛውን በጣቷ ታውቀዋለች» አሉ። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ከቆምኩበት ትንሽ ወደ ቀኝ።

«ቀጭኔ፣ አሁን የት ጋ ነሽ?»

ያኔ ገባኝ።

ጋሼ አያዩም፣ እትዬ። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፣ ሰው ፊታቸው ሲያልፍ እንደ ጥላ ይሆንባቸዋል፤ ከዚያ ሌላ የለም። የዓይን ግፊት ነው። «ከዳር ከዳር ነው የበላኝ» አሉኝ። «መጀመሪያ የጎን መስታወቱ ጠፋኝ። ጭጋግ ነው ብዬ ጠረግሁት። አንድ ቀን ማቋረጫ ላይ አንዲት ሴት ኮፈኑ ፊት ጮኸች። ልጅ አዝላለች። አልነካኋትም፤ ግን ፍሬን የያዝኩት ጩኸቷን ሰምቼ እንጂ አይቻት አይደለም። በማግስቱ መኪናዋን ሸጥኳት። ሰው ሳልገድል።»

መድኃኒት ሻጯ ጠዋት ጠዋት የምትመጣው ጠብታ ልትጨምርላቸው ነው። «ሁለቱንም» ያሉት ሁለቱን ዓይናቸውን ነው። ሰው ሰላም የማይሉት፣ ወንበር ሲነቃነቅ የሚቆጡት፣ እኔን ክንድ ክንዴን ይዘው ከተማውን የሚያሳዩኝም ለዚሁ ነው። የሰሙትን ሁሉ ያስታውሳሉ፤ ሌላ ምን ይሥሩ? ለዚያ ነው ሰው «ጆሮ» ያላቸው።

«ታዲያ ለእትዬ ለምን አልነገሩም?» አልኳቸው።

«አባባ ሲሞት ልብሴን ለብሼ ነበር» አሉ። «በሩ ድረስ ሄድኩ። ከዚያስ? ማን እጄን ይዞ ለቅሶ ቤት ያስገባኛል? ሰው ለአባቴ ማልቀሱን ትቶ ለእኔ ሊያለቅስ ነው። እህቴ 'ወንድሜ ሾፌር ነው' ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ? እሱን ልቀማት?»

«ደብዳቤዎቹንስ ማን ያነብልዎታል?»

«የእህት ነገር በሰው አፍ ሲነበብ ደስ አይልም። እጄ ላይ ይዤ እገምተዋለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ነኝ» አሉ። ከዚያም «ዘንድሮም መውቀሷ አይቀርም ብዬ ነው» አሉ።

እትዬ፣ ከባዶው ወረቀት ላይ ያነበቡት ይህንን ነው።

ያለፈውን የቀበሌ ምርጫ አፍረው ቤት ውለዋል። «ዘንድሮ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሰውን 'ውጣ፣ ድምፅህን ስጥ' እያልኩ ጮኼ የራሴን ቤት ልዘጋበት? ጎረቤቴ ነገ ተረኛ ናት። አንቺ አድርሺኝ፤ ምልክቱ የት እንዳለ በጆሮዬ ንገሪኝ፤ ማንም አይነቃም» አሉ። እሺ አልኩ።

ጣቢያው ትምህርት ቤት ነው። ሰልፉ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ሻይ ሻጩ ከፊታችን ነበር፤ ዞር ብሎ አየንና ጀርባውን ሰጠን። የሰፈሩ ሰው ይንሾካሾካል። ጋሼ ክንዴን ጨብጠው ቀጥ ብለው ይራመዳሉ። ወረቀቱን ተቀብለን ሁለታችንም ወደ መጋረጃው ስንሄድ ግን የቁልፉ ታዛቢ ከወንበሩ ተነሳ።

«ቆይ! ይሄ ሰውዬ ሲቀሰቅስ የከረመው የጃንጥላ ድምፅ ነው። ልጅቷ ማናት? እዚህ አልተመዘገበችም። ተንኮል አለ።»

የጃንጥላው ታዛቢ ይከላከልልናል ስል እሱም ተነሳ። «መሪውን አውቀዋለሁ፤ ታክሲውን ተሳፍሬበታለሁ። ዓይኑ ደህና ነው። ይህቺን ልጅ ማን እንደላከበት ነው ማወቅ የምፈልገው!»

ሁለቱ ወገኖች ሳምንቱን ሙሉ የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር እኔን መጠርጠር ነበር።

ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ የማይጨምር ሴት ናት። «ሕጉ ግልጽ ነው» አለች። «ማየት የማይችል መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ ይገባል። ግን ራስዎ ይበሉት፣ ጌታዬ። እኔ ልልልዎ አልችልም።»

ጋሼ ክንዴን ለቀቁት። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ሲወርድ አየሁ። እንሂድ ቢሉኝ እሄድ ነበር፤ ልላቸውም አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዓይኔ አያይም» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

«አልተሰማም» አለ መዝጋቢው።

«ዓይኔ አያይም!» በዚያ ጎዳና በሚሞላው ድምፅ። «ሦስት ዓመቴ ነው! መኪናዬንም የሸጥኩት ለዚህ ነው። ሰላም የማልላችሁ ኮርቼ አይደለም። አላያችሁም። ማናችሁንም አላያችሁም!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ማንም ሳይከተለው ተወው። ሻይ ሻጩ ጣቱ ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ቆሞ ነበር። «ወይ እኔ!» አለ። «እኔ እኮ ጠልቶኝ ነው ብዬ…» አልጨረሰውም።

መጋረጃው ውስጥ ገባን። «ከላይ እስከ ታች አንብቢልኝ፣ አንድም እንዳትዘልዪ» አሉኝ። በሹክሹክታ አነበብኩላቸው። የሚፈልጉትን በጆሮዬ ነገሩኝ። ጣታቸውን ይዤ ቦታው ላይ አደረስኩት፤ ምልክቱን በራሳቸው እጅ አደረጉ። ከዚያ ወረቀቱን ሳያጥፉ ቆሙ።

«ያልኩሽ ላይ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ማዪልኝ።»

«ማልኩ።»

አሁንም አላጠፉትም። ሳምንቱን ሙሉ እኔ እሳቸውን ስጠረጥር፣ እርስዎ ሲጠረጥሩ፣ ሰፈሩ ሲጠረጥር ነበር፣ እትዬ። እዚያች መጋረጃ ውስጥ ግን ተራው የእሳቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ከማመን ሌላ ምንም አልነበራቸውም። ትንፋሻቸውን ሰማሁት። ከዚያ አጠፉት፤ ሄደን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት።

ለማን እንደሰጡ ጠይቀውኝ ነበር። ያንን አልጽፍልዎትም። ይቀየሙኝ እንደሆነ ይቀየሙኝ። የመናኸሪያው ኃላፊ ቢጠይቅዎ «አላውቅም» ሲሉ እውነት ይሁንልዎ።

ከሰዓት የጃንጥላዎቹ ጸሐፊ ደረጃው ላይ ቆሞ «ከእንግዲህ አትምጣ» ብሏቸው ሄዷል። መጋረጃው ውስጥ ምን እንዳደረጉ እርግጠኛ አይደለማ። ጋሼ ግን ሻይ ቤት ወርደው ተቀምጠዋል። ሻይ ሻጩ ሰው በገባ ቁጥር ስሙን ይጠራላቸዋል፤ እየተነሱ ሰላም ሲሉ ከዚህ ይሰማኛል።

ይህን እንደምጽፍልዎ ያውቃሉ። «ጻፊላት» አሉኝ። «እኔ መናገሩን ዛሬ አንዴ ጨርሻለሁ።»

ኮሌጁም ስላልተከፈተ መልስዎን እዚሁ እጠብቃለሁ።

ቀጭኔ


ማክሰኞ
ከመናኸሪያው የሻንጣ መጋዘን

ቀጭኔ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ቃል እንዳትዘልዪ፣ ስድቡንም ጭምር።

ወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ አንተ ጅል። ደብዳቤው የደረሰኝ ትናንት ነው። ያልመለስኩልህ ስላለቀስኩ እንዳይመስልህ፤ እስክሪብቶ ጠፍቶብኝ ነው።

አባባን ለቀብር ያወጣን ቀን ዘንቦ ነበር። ቁልቁለቱ ጭቃ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን እግር ያያል። እኔን ማንም አልያዘኝም፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ። አንተ መጥተህ ቢሆን እጅህን እይዝ ነበር። ሰው ማን ማንን እንደያዘ በምን ያውቅ ነበር?

«ወንድሜ ሾፌር ነው» ስል ድምፄ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ይልቅ ሰው ሳይገድል ቁልፉን የሰጠ ሾፌር ስንት አለ? ከዛሬ ጀምሮ እሱን እላለሁ፤ ድምፄ ምን እንደሚሆን መጥተህ ስማ። ወይም እኔ እመጣለሁ። ቅዳሜ ለመሳፈር ቦታ ይዣለሁ።

ኃላፊው ጠየቀኝ። «ወንድምሽ ለማን ሰጠ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። እውነት ስለሆነ አልተርበተበትኩም። እሱ ግን አላመነኝም፤ ከመስኮቱ አንስቶ ሻንጣ መጋዘን አስገብቶኛል። ወገቤ ሻንጣ አይወድም፤ ይልመድ። እዚህ ቢያንስ ማንም ተደግፎ ፈገግ አይልብኝም።

ያቺ መድኃኒት ሻጭ ግን ገና አልተውኳትም። ጠብታ ለመጨመር ቁልፍ ያስፈልጋል? ማንኳኳት የሚባል ነገር የለም? ስመጣ እሷ ሻይ ታፍላልኝ፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንተያያለን።

ፈጣሪ እስክንገናኝ ያቆይህ።

እህትህ

ቀጭኔ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን አቁሚ። የቀረው የአንቺ ነው፤ በልብሽ አንብቢው።

ሦስት ዓመት እንዴት እንዳደረገኝ አንቺ አይተሻል። የፊት ጥርሴ ወልቋል፣ ፀጉሬ አልቋል፣ ጉንጬ ገብቷል። እሱ መጨረሻ ሲያየኝ እንዲህ አልነበርኩም። ቅዳሜ አውቶቡሱን ስትጠብቁ «እህቴ እንዴት ሆናለች?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ አውቀዋለሁ። ምንም አትበዪው። እኔን በድሮ መልኬ የሚያየኝ ሰው ከእንግዲህ እሱ ብቻ ነው፤ እንዳትነኪብኝ።